ፍርድ፣ አስተዳደርና ድኽነት በሀዲያና በከምባታ አገር

መግቢያ

ስለ ሀዲያና ስለ ከምባታ ሕዝብ ድኽነት በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚሰማው ምክንያት የመሬት ጥበትና የሕዝብ ብዛት ነው። ይህ ምክንያት ሐሰት ነው ለማለት አንችልም። ከሆሳዕና ወደ ሾኔ ወይም ከዱራሜ ወደ አንጋጫ የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያየው፣ ቤት ከቤት ማሳ ከማሳ ተጠጋግቶ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ብዙው ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት ከአንድ ሔክታር ያነሰ ነው። ነገር ግን የመሬት ጥበት ብቻውን የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። የዚህ አገር ገበሬ፣ ሕዝቡ ዛሬ ካለው እጅግ ባነሰበት፣ መሬቱም ሰፊ በነበረበት ዘመን ድኻ ነበረ። እንግዲህ ያን ጊዜ ድኻ ያደረገው ምን ነበር? ያስ ነገር ዛሬ ጨርሶ ቀርቷልን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመርመር ነው። ፍርድ ስንል በችሎት የሚሰጠውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው የድካሙን ዋጋ ያለ ፍርሃት ለመያዝ፣ በደል ሲደርስበትም ሰሚ ለማግኘት ያለውን ዕድል ማለታችን ነው። አስተዳደር ስንል ግብር የሚሰበስበውን፣ መሬት የሚያከፋፍለውንና ዕዳ የሚያስከፍለውን የሥልጣን አሠራር ማለታችን ነው። ድኽነት ስንልም የገንዘብን ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ለነገ ለማሰብ አለመቻልን ጭምር ነው። የምናቀርበውም ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚሰበስበው እጅና የሚፈርደው እጅ አንድ በሆኑ ጊዜ፣ መሬት ሰፋም ጠበበ ገበሬው ከድኽነት ለመውጣት ይቸገራል። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ልብ እንዲል እንለምናለን።

እንሰት የሚያስተምረን ነገር

ነገሩን ከሩቅ ንድፈ ሐሳብ ከመጀመር፣ በየጓሮው ከቆመው ከእንሰት እንጀምር። ጤፍ የሚዘራ ሰው ዘሩን በበተነ በጥቂት ወራት ውስጥ አጭዶ ይወቃል። እንሰት ግን እንደዚህ አይደለም። ችግኙ ከአንድ መደብ ወደ ሌላው እየተነቀለ ይተከላል፤ በከብት ፍግ ይዳብራል፤ ተፍቆ ቆጮና ቡላ እስኪሆን ድረስም ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ዓመቱ እንደ ዐይነቱና እንደ አየሩ ቢለያይም፣ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጀው ብዙ ነው። የደረሰ እንሰት ያለው ቤት ዝናብ ቢቀር እንኳ ወዲያው አይራብም።

እንግዲህ እንሰት የሚተክል ገበሬ፣ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ያ ጓሮ የእርሱ እንደሚሆን አምኖ ነው የሚተክለው። ቡናና ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ናቸው። እርከን መሥራትና ጉድጓድ መቈፈርም እንደዚሁ ነው። ይህ እምነት ከሌለ ግን ገበሬው ቶሎ የሚነሣውን ብቻ ይዘራል፤ መሬቱንም እንደ ተበደረው ዕቃ ያለ ርኅራኄ ይጠቀምበታል። ስለዚህ በፍርድ መተማመን የፍልስፍና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምርት መሣሪያ ነው፤ እንደ በሬና እንደ ማረሻ የሚቈጠር ነው።

ገዥው ዳኛ በነበረበት ዘመን

የሀዲያና የከምባታ አገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር የገባው በ1880ዎቹ ነው። ዎማ ዲልባቶ ደጎዬም የከምባታ የመጨረሻው ንጉሥ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሆሳዕና፣ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ፣ ሹማምንትና ወታደሮቻቸው የሠፈሩባት የአስተዳደር ከተማ ሆነች። አገሩን ከገዙት ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ራስ አባተ ቧያለው ነበሩ።

በገባር ሥርዓት ለወታደሩና ለሹሙ ደመወዝ በገንዘብ አይቈረጥላቸውም ነበር፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመራላቸው ነበር። ገባሩም እህልና ማር ያገባል፤ የሹሙን ሁዳድ ያርሳል፤ ቤቱን ይሠራል፤ አጥሩን ያጥራል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ግብሩን የሚቀበለው መልከኛ የገባሩ ዳኛም ነበረ። ገባሩ በመልከኛው ቢበደል አስቀድሞ አቤት የሚለው ለዚያው ለመልከኛው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ከእንደዚህ ያለ አሠራር ነው። ሹመቱ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሹም፣ ሳያልፍበት ለመሰብሰብ ይቸኩላል።

ገባሩ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምን ማድረግ ይበጀው ነበር? ብዙ ቢያመርት ብዙ ይወሰድበታል። ከብቱ ቢበዛ ዐይን ይገባል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ሀብቱን ይደብቃል፤ ከብቱን በዘመድ ዘንድ ያረባል፤ ለዓመት ከሚበቃው በላይም አይደክምም። ይህንን ከውጭ ያየ ሰው «ገበሬው ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ገበሬው ግን ሰነፍ አልነበረም፤ ሒሳቡን በትክክል አስልቶ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ይህንን አሠራር በሕግ ለማስተካከል ሞክሯል። በ1934ና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ልዩ ልዩውን አገልግሎት አስቀርተው ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል አዘዙ። በ1937ቱ አዋጅ መሠረት የተለካ አንድ ጋሻ መሬት፣ ለም ከሆነ ግብርና አሥራት ተደምሮ 50 ብር፣ ለም ጠፍ ከሆነ 40 ብር፣ ጠፍ ከሆነ 15 ብር ይከፍል ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽና ቀላል ነው። ነገር ግን በለምና በጠፍ መካከል ያለው ልዩነት በጋሻ 35 ብር ነው። እንግዲህ «ይህ ለም ነው፤ ያ ጠፍ ነው» ብሎ የሚጽፈው ሰው ብዕር ከአዋጁ ቃል ይልቅ ይከብድ ነበር። ያንን ሰው የሚያውቅና የሚያስተናግድ ባለርስት መሬቱን ጠፍ ሊያስብል ይችላል፤ የማያውቅ ግን ለም ተብሎ ይከፍላል።

ዳኝነቱም ቢሆን ከአስተዳደሩ አልተለየም ነበር። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች ሲቋቋሙ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት ላይ የሚሰበሰበው አገረ ገዥው ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲያይና አስቀድሞ እንዲያስታርቅ ታዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻው በቅርብ ዳኛ እንዲያገኝ የታሰበ ነውና። ዳኛ የሚሆነው ግን በብዙ ቦታ ባለመሬቱ ወይም ጭቃ ሹሙ ስለ ነበረ፣ ጭሰኛው ክሱን የሚያሰማው ለጌታው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በዐይነት የሚከፈለው ኪራይ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ። ከአራት ቁና ሦስቱን መስጠት በሕግ የተፈቀደ ከሆነ፣ ዳኛው ቅን ቢሆንም እንኳ ጭሰኛው የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሕግ መኖሩና ፍትሕ መኖሩ አንድ አለመሆኑን ነው።

መሬት ለአራሹ ከሆነ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውም መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በሀዲያና በከምባታ አገር ይህ አዋጅ ታላቅ ለውጥ ነበር። በባህል ምክንያት መሬት እንዳይኖራቸው የተደረጉት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች እንኳ የመሬት ባለመብት እንዲሆኑ ሕጉ ፈቀደላቸው። የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎም ተቋቁሞ፣ ገበሬው በገዛ መንደሩ፣ በገዛ ቋንቋው መከራከር ቻለ።

ሆኖም አሮጌው በሽታ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ያው የገበሬ ማኅበር መሬት ያከፋፍላል፤ ግብር ይሰበስባል፤ በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚቀርበውን የእህል ኮታ ያስከፍላል፤ ለውትድርና የሚሄደውን ወጣት ይመለምላል፤ ያው ማኅበር ደግሞ ይፈርዳል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተከል ለሠፈራ ሲወሰድም ስም ዝርዝሩ የተዘጋጀው በየማኅበሩ ነበር። ገበሬው መሬት አገኘ፤ ነገር ግን በምርቱና በልጁ ላይ አልታዘዘም። መሬቱ ተከፋፈለ፤ ሥልጣኑ ግን አልተከፋፈለም ለማለት ይቻላል።

የማዳበሪያ ዕዳና የመምህሩ ደመወዝ

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዳኝነትን ነጻነትና ማንም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብቱን ደንግጓል። ከዚያም በኋላ በደቡብ ክልል ለገበሬዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ታድሏል። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም መጻፉ ለብዙ ሴቶች እውነተኛ ጥቅም ነው። ይህንን መልካም ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል።

ነገር ግን በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ማሰሪያ ተፈጠረ፤ ይኸውም የማዳበሪያ ብድር ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ይወስዳል። ገንዘቡን ባንክ ሲያበድር ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነው። ገበሬው ካልከፈለ ባንኩ ገንዘቡን ከክልሉ በጀት ላይ ያስቀንሳል፤ ክልሉም በተራው ከወረዳው በጀት ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ወረዳው ዕዳውን ለማስከፈል ብርቱ ምክንያት አለው፤ የሚያስከፍልለትም የቀበሌው አስተዳደር ነው። ገበሬውም ለዕዳ የሚፈራው፣ ለይዞታ ጉዳይ የሚለማመጠው፣ በማኅበራዊ ፍርድ ቤትም ተጽዕኖው የሚደርስበት ያንኑ ቀበሌ ነው።

ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ የዚህ አሠራር ጉዳት ጐልቶ ይታያል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በመቅረቱ በከምባታ፣ በሀዲያና በወላይታ አገር፣ መሬቱ ዘግይቶ በጣለው ዝናብ ለምልሞ ሳለ ሕፃናት በረኀብ ተጐድተዋል፤ «አረንጓዴ ረኀብ» የተባለውም ይኸው ነው። እህሉ ባይደርስም የማዳበሪያው ዕዳ አይቀርም። ዕዳውን ለመክፈል ገበሬው ወይ ላሙን ይሸጣል፣ ወይ መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል። ላሙ ከተሸጠች ፍጉ ይቀራል፤ ፍጉ ከቀረ እንሰቱ ይከሳል። በዚህ አኳኋን የአንድ ዓመት ዕዳ የብዙ ዓመት ድኽነት ይሆናል።

ከዚህም የከፋው፣ ዕዳው የፖለቲካ መያዣ ሊሆን መቻሉ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በሀዲያ ዞን ተቃዋሚው ወገን ብዙ ድምፅ ሲያገኝ ውዝግብና ግጭት ተነሥቶ፣ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ድምፅ መስጠቱ በዚያው ዓመት ተደግሟል። ያን ጊዜ በስፍራው የተደረገ ጥናት እንደ ዘገበው፣ ገበሬዎች ድምፃቸው ከታወቀ በመሬትና በማዳበሪያ እንዳይበቀሏቸው ይሠጉ ነበር። አንድ እጅ ሁሉን ከያዘ፣ ያ እጅ ባይመታም እንኳ ፍርሃቱ በቂ ነው።

ዕዳው በገበሬው ላይ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ2015ና በ2016 ዓ.ም. በሀዲያና በከምባታ ባሉ አንዳንድ ወረዳዎች መምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዛቸው በወቅቱ ሳይከፈላቸው ወራት አልፈዋል። በይፋ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ያልተከፈለ የማዳበሪያ ዕዳ ከወረዳዎቹ በጀት ላይ መቀነሱ ነው። እንግዲህ አንባቢው ሰንሰለቱን ይመልከት። ዝናብ ቀረ፤ ገበሬው አልከፈለም፤ በጀቱ ተቀነሰ፤ መምህሩ ደመወዝ አጣ፤ የገበሬው ልጅ ትምህርት ተጓደለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያልበደለው መምህር ተቀጣ፤ ውሉን የወሰኑት ግን አልተጠየቁም። ማንም ሰው በክፋት ባያደርገውም፣ ፍርድ የጐደለው አስተዳደር ይህንን ያህል ድኽነት ሊያመርት ይችላል።

የክርክር ዋጋ

«ገበሬው ከተበደለ ፍርድ ቤት ክፍት ነው፤ ለምን አይከስም?» የሚሉ አሉ። ለመመለስ አንድ ምሳሌ እናስብ። በቢላቴ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለ ገበሬ ጐረቤቱ ድንበር ገፋበት እንበል። በመጀመሪያ ማመልከቻ ያስጽፋል፤ ለራፖር ጸሐፊው ይከፍላል። ክሱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ እርሱ የሚናገረው ግን ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ስለ ሆነ፣ በደሉን የሚያስረዳው በሌላ ሰው አፍ ነው። ከዚያ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በቀጠሮው ቀን ሥራ ፈትቶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ወረዳው ከተማ ይሄዳል። ተከሳሹ ይቀራል፤ ወይም ዳኛው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ምስክሮቹንም ማብላትና ማጓጓዝ የእርሱ ፈንታ ነው። ይግባኝ ከተባለ ደግሞ ጉዞው ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ይደርሳል።

ቀጠሮው አምስትና ስድስት ጊዜ ከተላለፈ፣ ወጪው ከተገፋው መሬት ዋጋ ይበልጣል። ሀብታሙ ግን ይችለዋል። በዚህም ምክንያት ሁለቱ በሕግ ፊት እኩል ሆነው ሳለ፣ በቀጠሮ ፊት እኩል አይደሉም። ድኻው ይህንን አውቆ ክሱን ይተዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአባቶች አነጋገር፣ የድኻ ቁጭት ከጠፋው ነገር መጠን ሳይሆን ከአጠፋፉ እንደሚመጣ ያስረዳል። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። የድኾችን በሕግ መጠቀም የመረመረ አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ አራት ቢሊዮን የሚሆን ሕዝብ ከሕግ ጥበቃ ውጭ እንደሚኖር ገምቷል።

ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ

የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው ዛሬ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ የበረታው ይህ ጉዞ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ያልፋል። ከደረሱት ብዙዎቹ ዕቃ በዱቤ እያዞሩ ይነግዳሉ፤ ሱቅ ይከፍታሉ፤ በላኩትም ገንዘብ በሆሳዕና ብዙ ፎቅና ብዙ መኖሪያ ቤት ተሠርቷል። ነገር ግን መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ አዲስ አዋጅ ወጥቷል። መንገዱ ግን አልተዘጋም።

ለምን አልተዘጋም? ሥራ ማጣት አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ በላይ ያየነው ይመስለናል። ወጣቱ አባቱ ሲደክም ኖሮ በዕዳ ሲያረጅ አይቷል። ተምሮ ቢቀጠር ደመወዙ ሊዘገይ እንደሚችል ሰምቷል። ንግድ ቢጀምር ፈቃዱና ቦታው በትውውቅ እንደሚገኝ ያምናል። እንሰት ለመትከል የሚያስፈልገው ያ እምነት ከወጣቱ ልብ ሲጠፋ፣ በማያውቀው ደላላ ላይ እምነቱን ያሳርፋል። ቤተሰቡም ያችኑ ቁራሽ መሬት አስይዞ ይሸኘዋል። ሕግ ደላላውን መቅጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደላላው የሚሸጠው ተስፋን ነው፤ ገዢውም የበዛለት ተስፋ በአገር ስለ ጠፋ ነው።

በእጃችን ያለው ሀብት

ይህ አገር በፍርድ በኩል ባዶ እጁን አይደለም። ሴራ የተባለው የአባቶች ሥርዓትና ዕድሩ፣ ጠብ ሲነሣ አስታርቀው፣ ካሳ ወስነው፣ ሰውን ወደ ሰው ይመልሳሉ። ዳኞቹ የታወቁ ናቸው፤ ቋንቋው የገዛ ቋንቋ ነው፤ ወጪውም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቅርብ የሆነ ሁሉ ቅን ነው ማለት አይደለም። በሽማግሌዎች ጉባኤ የሴቶች ድምፅ ሳይሰማ ኖሯል፤ ሸክላ ሠሪዎችም ተንቀው ኖረዋል።

ባህል ሊለወጥ እንደሚችል ግን በከምባታ የተገኘው ምሳሌ ያስረዳል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የከምባቲ መንቲ ገዚማ ድርጅትን ከመሠረቱ በኋላ፣ በመጀመሪያ የሠሩት ሕዝቡ ያስፈልገናል ያለውን ድልድይ ነው። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት መነጋገር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ውይይቱ በየመንደሩ፣ ሴቶችም ሽማግሌዎችም ባሉበት ይደረግ ነበር፤ ዕድሮችም ውሳኔውን የራሳቸው ደንብ አደረጉት። ቀድሞ በሁሉም ቤት ይፈጸም የነበረው ግርዛት በአንድ ትውልድ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ቢያርፉም ትምህርቱ አልሞተም፤ ሕዝብ ተሰሚነት ባገኘበት ቦታ ሕግ ያለ ዱላ ይፈጸማል።

ማጠቃለያ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ሆሳዕና የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። መንግሥት ወደ ሕዝቡ በመንገድ ቀርቧል ማለት ነው። በፍርድ ይቀርብ ዘንድ ግን ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ እናስባለን።

አንደኛ፣ ዕዳና ግብር የሚሰበስበው ክፍል መሬት ከሚሰጠውና ከሚፈርደው ክፍል በተግባር ይለይ፤ የቀበሌ ዳኞችም ተጠሪነታቸው ለአስተዳደሩ ሳይሆን ለፍርድ ቤት ይሁን። ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ውል ለገበሬው በገዛ ቋንቋው ይነበብለት፤ ዝናብ በቀረበትም ዓመት ዕዳው የሚራዘምበት ሁኔታ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የመምህርና የሐኪም ደመወዝ ግን የሌላ ሰው ዕዳ መያዣ አይሁን። ሦስተኛ፣ ዳኛው በገበያ ቀን ወደ ገጠሩ ወጥቶ ያስችል፤ ሽማግሌዎች ያስታረቁትም፣ ሴቶች ተቀምጠው የተስማሙበት ከሆነ፣ በፍርድ ቤት ይመዝገብ።

እነዚህ ነገሮች መሬቱን አያሰፉትም፤ ዝናብም አያዘንቡም። ነገር ግን በመግቢያችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ገባሩን በሰፊ መሬት ላይ ድኻ ያደረገው፣ የደከመበት የእርሱ ለመሆኑ ዋስትና ማጣቱ ነበር፤ ያም ነገር ጨርሶ አልቀረም። በጠባቧ ጓሮው ላይ እንሰት እየተከለ ያለው ገበሬ ከመንግሥት የሚጠብቀው ብዙ አይደለም፤ በደረሰ ጊዜ የሚፍቀው እርሱ ራሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥለት ብቻ ነው።